መዶሻ ያረፈበት ብረት

በዚያ ሰንበት የአንድ ሰው ነፍስ በሥራ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበረች። ሸሚዙ ከበር ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ ኪሱ ውስጥ ያለችው ከትንሿ ጣቴ የማትረዝም፣ ለሁለት የታጠፈች የብረት ሽቦ ናት። ያቺ ሽቦ መኪና ላይ መሆን ነበረባት። ረስቻት ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልረሳኋትም። እያወቅሁ ነው በኪሴ ይዣት ቤት የገባሁት።

መኪና ማለቴም ሌላ ቃል አጥቼ ነው። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ከአንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ሆድ ዕቃ ራሱ የገጣጠማት ነገር ናት። ጣራ የላት፣ በር የላት፣ መስታወት የላት። ሞተሯ ከኋላ ራቁቱን ተቀምጧል፤ ሾፌሩን የሚከብበው የቱቦ ብረት ብቻ ነው፤ ጎማዎቿ የሌላ ሰው ጫማ ያደረገች ያስመስሏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በባሕሩ አጠገብ ወዳለው አሸዋ ይወስዳትና ከመሰሎቹ ጋር ይሽቀዳደምባታል። ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ጥርሳቸው መሃል አሸዋ ሞልቶ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እኔ በሆዴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እላለሁ። እኛ በእግራችን ስንት በረሃ አቋርጠን፣ ከአሸዋ ወጣን ብለን ተመስገን ባልን ማግስት፣ ሰውየው ለጨዋታ ብሎ አሸዋ ላይ ይገለበጣል! ስም አውጥቼላት ነበር፤ አጽሟ እላታለሁ።

ጋራዡ የገባሁት ወለል ልጠርግ ነው። አባቴና እኔ እስራኤል አገር መጥተን ፔታ ቲክቫ የሚሏት ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው፤ ጋራዡ ፋብሪካዎቹ ካሉበት ሰፈር ነው። አንድ ቀን አጽሟ የኋላ ቱቦዋ ተሰንጥቆ መጣች። በያጁ በየዳትና ጨረስኩ ብሎ እጁን ታጠበ። እኔ መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ ቱቦውን በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁት። የታመመ ብረት ድምፁ ደረቅ ነው። ይህን ከአባቴ ነው የተማርኩት፤ ጎንደር እያለን ቀጥቃጭ ነበሩ። ከመንደራችን እስከ ወንዙ ማዶ ያለው ገበሬ ሁሉ ማረሻውን የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነው። ቀን ማረሻ ያሠራና ማታ ቡዳ ይለናል፤ እሱን ተዉት። እኔ ወናፍ እየነፋሁ አደግሁ፤ ከዚያም ጎንደር ከተማ ወርጄ ሁለት ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ዕብራይስጥ ስለማልችል ቱቦውን በጣቴ እየመታሁ «እዚህ፣ እዚህ» አልኩ። ባለ ጋራዡ ቀለሙን ፋቀው፤ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥረጊያ አልያዝኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሞ ከአጽሟ ሥር አልወጣሁም።

እሑድ ጠዋት እንደ ሬሳ ተጭና ትመጣለች። አንድ ሳምንት የፍሪሲዮን ገመዷ ይበጠሳል። ሌላ ሳምንት ካርቡራተሯ አሸዋ ትጠጣና እየሳለች ትሞታለች። የፊት እግሯን ሦስት ጊዜ አቅንቻለሁ፤ በአራተኛው ቆርጬ ጥዬ ከሌላ ብረት ሠራሁላት፤ እሱንም ሰበረው። አንድ ጊዜ ሞተሯን አውርጄ፣ አጥቤ፣ መልሼ ሰቅዬ፣ ገና ዘይቱ ሳይጠቁር በሚቀጥለው እሑድ ደግሜ አወረድኩት። ከሥሯ በተኛሁ ቁጥር ያለፈው ቅዳሜ አሸዋ ዓይኔ ውስጥ ይፈስሳል። ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ሲያጨስ የእኔ ፊት ከሆዷ በስንዝር ርቀት ላይ ነው። ባለ ጋራዡ ሐሙስ ይመጣና ጎንበስ ብሎ፣ ሰንበትን በቋንቋው ሻባት እያለ፣ ጫማዬን ያነጋግረዋል።

«ለሻባት ትደርሳለች?»

«በሰደር» እላለሁ ከሥር። እሺ፣ ደህና ነው፣ ይሆናል፤ ሁሉም በዚያች ቃል ውስጥ አለ። ከዕብራይስጥ መጀመሪያ የያዝኳት እሷን ነው።

አልደረሰችም ማለት ለምን አቃተኝ? ሰውየው ክፉ ቢሆን እንዴት በተሻለኝ። እንደ መጣን መንግሥት ካሳረፈን ሆቴል ወጥተን ሃዳር ጋኒም ሰፈር ያለውን ሁለት ክፍል ቤት ያገኘነው በእሱ ጩኸት ነው። የቤት ጉዳይ የሚያየው ምስራድ፣ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ከእኔ ጋር ሄዶ፣ እኔ በር ላይ አንገቴን ደፍቼ ስቆም እሱ ጠረጴዛ መታልኝ። እንዲህ ላደረገልህ ሰው እንቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ በዕድሜ አባቴን ሊያክል ምንም አልቀረውም፤ ቋንቋቸው ደግሞ አንቱ የለውም። «አንተ» ማለቱ በራሱ ምላሴን ያስረዋል፤ «አይሆንም» ልጨምርበት? ለብየዳ ኩርስ ስሜ ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ቀረሁ፤ የዚያን ሳምንት አጽሟ ፍሬን አጥታ ነበርና። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ነው ያሳደጉኝ። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባም። እኔ ግን መውጫ አጣሁ።

አሁን የመዶሻውን ነገር ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ላይ ነው። አባቴ ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ከእሳቱ ይነሱ ነበር። ማረሻው ግማሽ ቢሆን፣ ሁለት ምት ብቻ ቢቀረው አይጨርሱትም። ያላለቀው ብረት ላይ መዶሻቸውን አግድም አስተኝተው፣ ወንዝ ወርደው ይታጠቡና ነጭ ለብሰው ሰንበትን ይቀበላሉ። መዶሻ ያረፈበት ብረት አይነካም። ቅዳሜ ማረሻውን ፍለጋ የመጣ ክርስቲያን ገበሬ እንኳ በአጥሩ ላይ አሻግሮ መዶሻውን ያይና «አላለቀም» ብሎ ይመለሳል። ጠያቂም መላሽም የለም። ብረቱም እስከ እሑድ ተኝቶ ይጠብቃል።

በዚያ ሳምንት አጽሟ የመጣችው የግራ ኋላ እግሯ እየጮኸ ነው። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቆ ነበር። አዲሱ ሐሙስ ይመጣል ተባለ፤ ዓርብ ቀትር ላይ መጣ። ባለ ጋራዡ ጠዋት ጎንበስ ብሎ «ትደርሳለች?» ሲለኝ፣ ኩሽኔታው ገና የሰው ሱቅ ውስጥ እያለ፣ «በሰደር» ብዬዋለሁ። እሱ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። እኔ ቀረሁ።

የዚህ እግር ሥራ ጠባይ አለው። ጎማውን የሚይዘው ትልቁ የመሃል ዳዶ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ እያለ አይጠብቅም፤ ጎማው አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ዳዶውን በእጅህ ብቻ ታስገባዋለህ፤ ጎማውን ታስርና መሬት ታስረግጣታለህ። ከዚያ ነው መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተህ ባለህ ጉልበት የምትንጠለጠልበት። በመጨረሻ ያቺን ሽቦ በዳዶው ጥርስና በብረቱ ቀዳዳ አሳልፈህ ጫፍና ጫፏን ታጥፋለህ። ዳዶው ካልጠበቀና ሽቦዋ ከሌለች፣ ዳዶው እየሄደ ይፈታል። ዳዶው ሲወጣ ጎማው ይወጣል። ያን ጊዜ አጽሟ በአሸዋው ጉብታ ላይ እየበረረች ከሆነ፣ ውስጧ ለተቀመጠው ሰው ማዘን ብቻ ነው የሚቀረው።

ከክሪክ አወረድኳት። ላየ ሰው ያለቀች የደቀቀች መኪና ናት፤ አራቱም እግሯ መሬት ረግጧል። ሽቦዋን በጥርሴ ይዣለሁ። ወደ መፍቻው እጄን ስዘረጋ የሰንበት መግቢያው ሳይረን በከተማው ላይ ጮኸ።

ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ስንት ዓመት ሙሉ አስልቻቸዋለሁ። መፍቻውን አየሁ፤ በሩን አየሁ። አባቴ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ደረጃው ላይ ቆመው እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ፤ እኔ ሳልገባ እህል አይቀምሱም። ሳይረኑ ሳያባራ ሽቦዋን ኪሴ ከተትኩ፤ መዶሻዬን አነሳሁና የሾፌሩ ወንበር ላይ አግድም አስተኛሁት። አሁን ስናገረው ሞኝነቴ እኔንም ያስቀኛል። ያኔ ግን መናገር የሚገባኝን ሁሉ የተናገርኩ መስሎኝ፣ ልቤ ቀሎኝ ነው ወደ ቤት የሮጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሽማግሌ ቤት ጸልየን ከአባቴ ጋር ቀስ እያልን እንመለሳለን። ባለ ጋራዡ ቤቱ ክፋር ጋኒም ነው፤ ወደ ባሕር ሲሄድ በእኛ ሰፈር መታጠፊያ ያልፋል። ክላክስ ሰማሁ። ፒክአፑ ነው፤ ከኋላው ተጎታች፣ ተጎታቹ ላይ አጽሟ። እጁን በመስኮት አውጥቶ «ሻባት ሻሎም!» ብሎ ጮኸ፤ ልጅ መስሏል። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ አልኩለት። ሰላም ያለህን ሰው ሰላም ትላለህ፤ እጅ ከሐሳብ ይቀድማል። ቀና ስል ተጎታቹ እየታጠፈ ነው፤ ያንን የግራ ኋላ ጎማ በግልጽ አየሁት። ወንበሩ ባዶ ነው፤ መዶሻ የለም።

«ቁም!» አልኩ። በአማርኛ፣ ለባዶ መንገድ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ምን ሆንክ?» አሉ አባቴ።

«ምንም አባባ። እንቅፋት መታኝ።»

ቤት ገባን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ በሩ አልተቆለፈም፤ ማንም አልያዘኝም። ግን መውጣት አልቻልኩም። በሰንበት በመኪና አይኬድም፤ ገንዘብ አይነካም፤ የሥራ ነገር አይወራም። በዚህ ሕግ ነው የኖርነው፤ በዚህ ሕግ ምክንያት የተሰደቡ፣ የተገፉ ሰዎች ልጅ ነኝ። በዚያ ላይ ደግሞ እፍረቱ አለ። ምን ብዬ ነው የምጀምረው? በሰደር ያልኩት እኔ፣ ጎንበስ ብዬ የሸኘሁት እኔ።

አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በዝግታ ጸሎታቸውን ይላሉ። እኔ እቀመጣለሁ፤ እነሳለሁ። አሁን ደርሷል እላለሁ። አሁን ከተጎታቹ እያወረዳት ነው። አሁን ሞተሯን እያሞቀ ነው። ምናልባት ጎማውን ያየው ይሆናል፣ የሠላሳ ዓመት መካኒክ አይደለም እንዴ? ግን እንደማያይ አውቃለሁ። «አንተ የነካኸውን እኔ አልፈትሽም» ይል ነበር በሰው ፊት፣ ትከሻዬን እየመታ። በዚያች ንግግሩ ስንት ጊዜ ኮርቻለሁ። ያን ቀን ግን አንገቴ ላይ ታሰረች። ወደ በሩ ሄጄ በሸሚዙ ጨርቅ ላይ ሽቦዋን ዳበስኳት፤ እዚያው አለች።

«ልጄ፣ ሰንበት ምን አደረገችህ?» አሉ አባቴ ጸሎታቸውን አቋርጠው። «እንደ ታሰረ በሬ ትዞራለህ።»

«የሥራ ነገር ነው አባባ። ዛሬ አይወራም።»

«የሚቆይ ከሆነ አይወራ። የማይቆይ ከሆነ ተናገር።»

ተናገርኩ። ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣ ከኩሽኔታው እስከ ክላክሱ ያለውን አንድ ሳላስቀር። አባቴ መሃል አልገቡም። ስጨርስ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«መዶሻውን አኑረህለት ነበር?»

«አዎ።»

«ሰውየው የመዶሻውን ነገር ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ዛሬ ሲያልፍ እጅ ነሳኸው?»

«አዎ አባባ።»

አባቴ ቁጡ ናቸው፤ ቁጣቸውን ለምጄው ነው ያደግሁት። እንደዚያን ቀን ግን አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸው አልጨመረም፤ ከንፈራቸው ብቻ ደረቀ። «እኔ መዶሻ የማኖረው ብረቴ ስለሚተኛ ነው» አሉ። «ያንተ ብረት ሰው ጭኖ ይሮጣል። ተነስ!»

«አባባ፣ ሩቅ እኮ ነው። በመኪና ካልሆነ አይደረስም።»

«ተነስ አልኩህ። ለሰንበቷ እኔ እጠየቃለሁ። የሰውየው ደም ግን አንተን ነው የሚጠይቅህ።»

ከሕንፃችን ምድር ቤት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሬዲዮውን ከፍቶ በግቢው ውስጥ የራሱን መኪና ያጥባል። አባቴ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ በሰንበት አንድ ቀን ሰላም ብለውት አያውቁም። ያን ቀን ደረጃውን ከእኔ ቀድመው ወርደው ቀጥታ ወደ እሱ ሄዱ፤ ስፖንጅ የያዘ እርጥብ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ልጄ፣ ሰው ሊሞት ነው፤ አድርሰን» አሉት በአማርኛ። እኔ ወደ ዕብራይስጥ ስመልሰው፣ ሰውየው አባቴን አየ፣ ነጭ ልብሳቸውን አየ፣ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። «ያላ» አለ፣ እንሂድ ማለቱ ነው፤ ሌላ አልጠየቀም።

አባቴ ከኋላ ተቀመጡ፤ ኩታቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ መንገዱን ላለማየት። እኔ ከፊት ሆኜ «ቀኝ፣ ግራ» እላለሁ፤ ባለ ጋራዡ አንድ የሥራ ቀን ላይ አጽሟን ለመሞከር ወስዶኝ ስለነበር ቦታውን አውቀዋለሁ። ከኋላዬ የአባቴ የጸሎት ድምፅ ይሰማኛል። አንዳንዴ ይቆማል፣ መኪናው በፈጠነ ቁጥር። በሕይወቴ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ባለ ጋራዡ ሞቶ እናገኘዋለን ብዬ እየፈራሁ፣ ከዚያ እኩል የአባቴን ሰንበት እኔ ሰበርኩት እያልኩ አለቅሳለሁ፤ ሾፌሩ አየኝና ሬዲዮውን ዘጋ።

አሸዋው ጋ ስንደርስ ሞተሮች ይጮኻሉ፣ አቧራው ሰማይ ነክቷል። የተገለበጠ ነገር ፈለግሁ። አምቡላንስ ፈለግሁ። አጽሟን ያገኘኋት ከሩጫው ዳር፣ በአራት እግሯ ቆማ ነው፤ ባለ ጋራዡ ከኋላዋ ተንበርክኮ ይሳደባል። ጠዋት ሊነሳ ሲል የነዳጅ መርገጫ ገመዷ እግሩ ሥር ተበጥሶበታል። የጠዋቱ ሩጫ አምልጦት፣ ግማሽ ቀን ሙሉ በሽቦ ሲጠግናት ቆይቶ፣ አሁን ለከሰዓቱ እያዘጋጃት ነው። በየሳምንቱ ስረግማት የኖርኩ እኔ፣ ያን ቀን ብቻ «ተባረኪ» አልኳት።

ባለ ጋራዡ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «መጣህ! አባትህንም አመጣኸው! መዶሻህን ወንበሩ ላይ ረስተኸው ነበር፤ ይዤልሃለሁ፣ ፒክአፑ ውስጥ አለ። ሠራኋት፣ ሰምተሃታል? አሁን ጥሩ አይደለም ድምጿ?»

እኔም «በሰደር» አልኩ።

እግዜር ያሳያችሁ። ለዚህ ሰው ብዬ የአባቴን ሰንበት አሽሬ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ከአፌ የወጣችው ያችው ቃል ናት። አባቴ ፊቴን አዩት። «ነገርከው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

አባቴ ወደ አጽሟ ሄዱ። ኩታቸውን ሰበሰቡ፣ በቱቦዎቹ መሃል አንድ እግራቸውን አስገቡ፣ ብረቱን ይዘው ሌላውን አስከተሉ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መዶሻው ተኝቶ በነበረበት ቦታ።

በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዱ አፏጨ። ባለ ጋራዡም ከት ብሎ ሳቀ። «ሳባ፣ መሪውን ያዝ!» አላቸው፤ አያቴ ማለቱ ነው። አባቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ ሩጫውን የሚያስጀምረው ባንዲራ የያዘ ሰው፣ ተራህ ደርሷል ብሎ ባለ ጋራዡን ጠራው። ባለ ጋራዡ የራስ ቁሩን አጠለቀና ወደ እኔ ዞረ።

«በል አሁን አባትህን አውርደው።»

«አባባ፣ ይውረዱ ይላል።»

«አልወርድም በለው።»

«አልወርድም ይላሉ።»

«ለምን?»

«ለምን ይላል፣ አባባ።»

«ለምን እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ» አሉ አባቴ፣ አሁንም ወደ ፊት እያዩ። «ንገረው።»

አንዱ የራስ ቁር አጥልቆ ያየኛል፤ አንዱ ከቱቦው ውስጥ ላያየኝ ወስኗል። ብረቱ ውስጥ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ የታሰርኩት ግን እኔ ነበርኩ።

«ሎ ጋማርቲ» አልኩ። አልጨረስኩም። «ጎማው። ዳዶው አልጠበቀም፤ ሽቦዋም የለችም። ሰንበት ገባብኝ። አልጨረስኩም።»

አላመነኝም። ከግራ ኋላ ጎማው ሥር ተንበርክኮ ዳዶውን በሁለት ጣቱ ያዘው። ዞረለት። ደግሞ አዞረው፤ ዞረለት። እንደተንበረከከ ቀረ። ከዚያ የራስ ቁሩን ቀስ ብሎ አወለቀና አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። መፍቻ ለመበደር ቢፈልግ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ መፍቻ አለው። አልጠየቀም። ባንዲራ ለያዘው ሰው በእጁ «ሂዱ» የሚል ምልክት ሰጠው።

አባቴን ለማውጣት ጊዜ ወሰደ፤ ጉልበታቸው በቱቦዎቹ መሃል ተይዞ ነበር። ባለ ጋራዡ በአንድ ብብታቸው፣ እኔ በሌላው ገብተን አነሳናቸው። ሾፌሩ ሊመልሰን መኪናውን አዞረ፤ አባቴ ግን እንቢ አሉ። «መምጣታችን ለነፍስ ነበር። መመለሳችን ለማንም ነፍስ አይደለም። ሰንበት እስክትወጣ እዚህ እቀመጣለሁ።» ሾፌሩ እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። ባለ ጋራዡ አጽሟን ተጎታቹ ላይ ጫናት፤ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። ከፒክአፑ ጥላ ሥር ሦስታችን ተቀመጥን። ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ትናንት በሰደር አልከኝ። ዛሬ ጠዋት እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ሸኘኸኝ። አሁን እንኳ መጥተህ በሰደር አልከኝ።»

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ለምን አልነገርከኝም ይላል።»

«ደህና ጠየቀ። መልሱን ስታገኝ ለእኔም ንገረኝ።»

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በዕብራይስጥ የሚጠራ ቃል አላውቅም፤ አባቴ ደግሞ ቃሉን ያውቁታል፣ ግን ምክንያት አድርገው አይቀበሉኝም። ከዋክብት እስኪወጡ በሁለቱ መሃል ተቀምጬ አሸዋ በጣቴ ስቆፍር ዋልኩ። የሰንበት መውጫ ምልክት የሆነውን ሦስተኛውን ኮከብ አባቴ አዩ፤ ፒክአፑ ውስጥ ገብተን ወደ ቤት ተመለስን። እሑድ ጠዋት ከማንም ቀድሜ ጋራዥ ገባሁ፤ ዳዶውን አጠበቅሁት፤ ሽቦዋን ከኪሴ አውጥቼ አስገባኋትና ጫፎቿን አጠፍኳቸው። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ አጽሟ እንደ ልማዷ ሌላ ነገሯ ተበላሽቶ ነበር። ባለ ጋራዡ መጣና ጎንበስ አለ። «ትደርሳለች?» አለ፣ ትንሽ እንደማፈር ብሎ። ፊቴን እንዲያይ ከሥሯ ተስቤ ወጣሁ። ቤቱን፣ ሥራዬን፣ ጠረጴዛ የመታልኝን ቀን ሁሉ የማጣ መሰለኝ።

«አልደረሰችም» አልኩት። «ለዚህ ሻባት አትደርስም።»

«በሰደር» አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መብራቱን አጠፋ፣ «ሻባት ሻሎም» ብሎኝ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይኸው ነው። ይኸው ብቻ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ተዘግቶብኛል ብዬ የኖርኩበት በር ቁልፍም አልነበረውም። ጨለማው ጋራዥ ውስጥ መዶሻዬን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ በራሴ ተናደድኩ።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ለሰንበት ጸሎት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድን። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አባቴ ስለሆኑ የሰንበቱን ዳቦ ባርከው የሚቆርሱት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። የሆነውን ራሳቸው ለማኅበራችን ቄስ ነግረዋቸው ነበር፤ ቄሱም ነፍስ ለማዳን ነውና ኃጢአት የለብዎትም ብለዋቸዋል። ዳቦው መጣና እንደ ወትሮው ፊታቸው ተቀመጠ። አባቴ በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ሰንበት የሻረ እጅ አይቆርሰውም ያሉ ይመስል፣ ሳይቆርሱ ከጎናቸው ላሉት ሽማግሌ አሳለፉት። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲሁ አሳለፉት፤ ወደ እኔ ሳያዩ።